በአሜሪካ የሜዳ አገር ስለሚገኙ የወጀብ ተመልካቾች

የአንድን ሕዝብ ልማድ ለመመርመር የተነሣ ሰው ጥንታዊውን ሥርዐት ብቻ መመልከት የለበትም። ልዩ ልዩ መሣሪያ በበዛበት አገርም አዲስ ልማድ፥ አዲስ የሥራ ቋንቋና አዲስ የክብር ሕግ ሲወለድ ይታያል። ለዚህም ከቴክሳስ ተነሥቶ በኦክላሆማ፥ በካንሳስና በኔብራስካ አልፎ እስከ ዳኮታ በሚዘረጋው በሰሜን አሜሪካ ሰፊ ሜዳ የሚኖሩት የወጀብ ተመልካቾች ምሳሌ ይሆናሉ። እነርሱም ገበሬዎች፥ አስተማሪዎች፥ ነጋዴዎች፥ የእሳት አደጋ ሠራተኞችና ተማሪዎች ናቸው። የሙቀት ወራት በመጣ ጊዜ የነጎድጓድ ደመና የሚነሣበትን ሰዓት ይጠባበቃሉ፤ አንዳንዶቹ ከመንደራቸው ሳይርቁ ይመለከቱታል፤ ሌሎቹም በመኪና ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ተጕዘው ይከተሉታል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ የአገሩን አየር ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ከደቡብ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ሞቃትና እርጥብ አየር ምድርን ተከትሎ ይመጣል፤ ከምዕራብ፥ ከበረሃውና ከከፍተኛው አገር ደረቅ አየር ይነፍሳል፤ ከእነዚህም በላይ ቀዝቃዛና ፈጣን ነፋስ ያልፋል። ብዙ ጊዜ በመካከል ያለው ሞቃት አየር እንደ ድስት ክዳን ሆኖ የታችኛውን አየር ያፍነዋል። ከቀትር በኋላ ክዳኑ የተከፈተ እንደ ሆነ፥ የታፈነው አየር በኀይል ሽቅብ ይወጣል፤ ደመናውም ከ12 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ከፍታ ደርሶ ራሱ እንደ ቀጥቃጭ መስፍ ጠፍጥፎ ይዘረጋል። ከምድር ወደ ላይ በተወጣ መጠን የነፋሱ አቅጣጫና ፍጥነት የሚለዋወጥ ሲሆን፥ ሽቅብ የሚወጣው አየር መሽከርከር ይጀምራል። ትልልቅ በረዶ፥ ብርቱ ነፋስና አንዳንድ ጊዜም ቶርኔዶ የሚባለው ዐውሎ ነፋስ የሚወለደው ከእንዲህ ያለው ደመና ነው። በአሜሪካ በዓመት በአማካይ 1,200 ያህል ቶርኔዶ ይቈጠራል። ወቅቱ በኦክላሆማ በሜይ ወር ይበረታል፤ ሙቀቱ ወደ ሰሜን ሲገፋም ወጀቡ ተከትሎት በጁንና በጁላይ በኔብራስካና በዳኮታ ይበዛል።

የተመልካቾቹ ታሪክ ከዝምታ ይጀምራል ለማለት ይቻላል። ከ1880ዎቹ ጀምሮ እስከ 1938 ድረስ የመንግሥት የአየር ጠባይ ትንበያ ቶርኔዶ የሚለውን ቃል እንዳይጠቀም ተከልክሎ ነበር፤ ምክንያቱም ቃሉ ሕዝቡን ያሸብራል ተብሎ ስለ ታሰበ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ግን የጥይትና የፈንጂ ፋብሪካዎችን ከመብረቅ ለመጠበቅ ሲባል፥ በዙሪያቸው ሰማይን የሚጠብቁ ሰዎች ቆሙ። በማርች 20 ቀን 1948 በኦክላሆማ የሚገኘውን የቲንከር አየር ኀይል ሰፈር ቶርኔዶ መታው። ከአምስት ቀን በኋላ ፎውቡሽና ሚለር የተባሉ ሁለት መኰንኖች የዕለቱ አየር የፊተኛውን እንደሚመስል አይተው ትንበያ አወጡ፤ በዚያው ቀን ማታም ቶርኔዶ ሰፈሩን እንደ ገና መታው።

ከዚህ በኋላ የተራው ሰው ዐይን ለሳይንስ መጥቀም ጀመረ። በጁን 20 ቀን 1957 በሰሜን ዳኮታ የፋርጎን ከተማ ቶርኔዶ በመታት ጊዜ፥ ጃፓናዊው ሊቅ ቴትሱያ ፉጂታ የከተማው ነዋሪዎች ያነሡዋቸውን ከመቶ በላይ ፎቶግራፎች ሰብስቦ የደመናውን እድገት በተራ መረመረ። ከዝናቡ ዳር ዝቅ ብሎ የሚንጠለጠለውን ተሽከርካሪ ደመና «የግድግዳ ደመና» ብሎ የሰየመው ከዚህ ጥናት የተነሣ ነው፤ ስሙም እስከ ዛሬ የተመልካቾቹ ዋና ቃል ሆኖ ይኖራል። ከ1956 ጀምሮ ወጀብን በመኪና ይከተል የነበረው ዴቪድ ሆድሊም በ1977 «የወጀብ ዱካ» የሚል ትርጕም ያለውን መጽሔት መሠረተ፤ በየስፍራው ተበታትነው የነበሩት ወዳጆችም በዚህ እርስ በርሳቸው ተዋወቁ። በሜይ 24 ቀን 1973 በኦክላሆማ በዩንየን ሲቲ የወረደውን ቶርኔዶ ተከታታዮቹ በፊልም ሲያነሡት፥ በኖርማን ከተማ ያለው ዶፕለር ራዳር ሽክርክሩን መዘገበ። ሁለቱ በተነጻጸሩ ጊዜ የራዳሩ ምልክት ምን ማለት እንደ ሆነ ታወቀ።

ዛሬ አገሩ 160 ያህል ታላላቅ ራዳሮች ካሉት የሰው ዐይን ምን ያደርጋል የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መልሱ በምድር ክብነት ላይ ይገኛል። የራዳሩ ጨረር ጥቂት ወደ ላይ ያቀና ስለ ሆነና ምድርም ከሥሩ እየጐበጠች ስለምትሸሽ፥ ከራዳሩ 100 ኪሎ ሜትር በራቀ ቦታ ዝቅተኛው ጨረር እንኳ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ከመሬት በላይ ያልፋል፤ በ150 ኪሎ ሜትርም ከሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ይሆናል። ስለዚህ ራዳር በደመናው ሆድ ውስጥ ያለውን ያያል እንጂ ከደመናው በታች በመንደሩ ላይ የሚሆነውን ሁልጊዜ አያይም። ይህን የሚያይ በስፍራው የቆመ ሰው ነው። ስካይዋርን በተባለው የመንግሥት መርሐ ግብር የሠለጠኑት ፈቃደኞች ከ350,000 እስከ 400,000 እንደሚደርሱ ይነገራል፤ ትምህርቱም በነጻ ሲሰጥ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ሰዓት ያህል አይበልጥም።

የእነዚህ ሰዎች ሕግ የምስክርነት ሕግ ነው። መልእክት የሚያስተላልፍ ሰው ማን እንደ ሆነ፥ ምን እንዳየ፥ የት ቆሞ እንዳየ፥ በስንት ሰዓት እንዳየ፥ ወጀቡም ወዴት እንደሚሄድ ይናገራል። የበረዶውን መጠን በሳንቲም ወይም በጎልፍ ኳስ ይመስላል፤ የበረዶው ስፋት ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ከደረሰ ወይም ነፋሱ በሰዓት 93 ኪሎ ሜትር ከሄደ ወጀቡ ብርቱ ይባላል። ከሁሉ የሚያስነቅፈው ያላዩትን መናገር ነው። ከዝናብ በኋላ የሚንጠለጠለውን ቁራጭ ደመና አይቶ ቶርኔዶ ነው ብሎ የሚጮኽ ጀማሪ ብዙ ነው፤ ስለዚህ አዋቂዎቹ ጥቂት ደቂቃ ቆመህ ተመልከት፥ መሽከርከሩን ሳታረጋግጥ አትናገር ብለው ይመክሩታል።

ዳሩ ግን ለመመስከር መቅረብ ያስፈልጋል፤ መቅረብም ዋጋ ያስከፍላል። ቲም ሳማራስ የተባለው መሐንዲስ በጁን 24 ቀን 2003 በደቡብ ዳኮታ በማንቸስተር መሣሪያውን በቶርኔዶ መንገድ ላይ አኑሮ፥ የአየሩ ግፊት በ100 ሄክቶፓስካል መውረዱን ለካ። በጥንቃቄውም የታወቀ ሰው ነበር። ሆኖም በሜይ 31 ቀን 2013 በኦክላሆማ በኤል ሪኖ አጠገብ የወረደው ቶርኔዶ በድንገት ሰፍቶ 4.2 ኪሎ ሜትር ወርድ ሲደርስና አቅጣጫውን ሲለውጥ፥ ሳማራስ፥ ልጁ ፖልና ባልደረባቸው ካርል ያንግ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ማን ለእውቀት፥ ማን ለሕዝብ ጥቅም፥ ማን ለፎቶግራፍ ብቻ እንደሚከተል በመካከላቸው ክርክር በርትቷል። ጠባቡን የገጠር መንገድ በመኪና የሚሞላው ተከታታይ ለአምቡላንስ እንቅፋት ይሆናልና ክርክሩ ከንቱ አይደለም።

የምስክርነቱ ፍሬ የሚታየው በሁለት ቃላት ነው። በኤፕሪል 11 ቀን 1965፥ በምዕራባውያን የሆሣዕና እሑድ፥ ቶርኔዶዎች በመካከለኛው ምዕራብ ግዛቶች ከ250 በላይ ሰዎች ገደሉ። ብዙዎቹ በሬዲዮ የተነገረውን ሰምተው ሳለ በትንበያና በማስጠንቀቂያ መካከል ያለውን ልዩነት እንዳላወቁ ከአደጋው በኋላ በተደረገው ምርመራ ተገለጠ። አሁን «ዎች» ሲባል አየሩ ለቶርኔዶ ተመቻችቷል፥ ገና ግን አልታየም ማለት ነው፤ «ዎርኒንግ» ሲባል ግን በራዳር ወይም በሰው ዐይን ታይቷል ማለት ነው። የመጀመሪያው የትንበያ ቃል ነው፤ ሁለተኛው የምስክር ቃል ነው።

ይህ ነገር ለአማርኛ ተናጋሪዎችም ባዕድ አይደለም፤ በቴክሳስ በዳላስና በአጠገቧ ባለችው በጋርላንድ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉና። ወቅቱ ባልሆነበት በዲሴምበር 26 ቀን 2015 በጋርላንድና በራውሌት በኩል ያለፈው ቶርኔዶ 10 ሰዎች ገደለ፤ አብዛኞቹም በመኪና ውስጥ ነበሩ። ሁለቱ የእንግሊዝኛ ቃላት ወደ አማርኛ ሲመለሱ በቀላሉ ሁለቱም «ማስጠንቀቂያ» ይሆናሉ፤ እንዲህ ከሆነ በ1965 የታየው ስሕተት በሌላ ቋንቋ ይደገማል። የመጀመሪያው «ተጠባበቁ»፥ ሁለተኛው «ተጠለሉ» ቢባል ግን የሚሰማው ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ከቃሉ ከራሱ ይረዳል። በዚያ የሚኖሩ ቤተሰቦች እነዚህን ቃላት በቤታቸው እንዴት እንደሚተረጕሙዋቸው፥ ሽማግሌዎቹም በክረምት መብረቅና በረዶ ያዩትን ልምድ ከአዲሱ አገር ወጀብ ጋር እንዴት እንደሚያነጻጽሩት፥ ከመካከላችን አንዱ ተማሪ እንደ ወጀቡ ተመልካች ቦታውንና ቀኑን እየጻፈ ቢመዘግበው ለጥናትም ለሕይወትም የሚጠቅም ሥራ ይሆናል።