ስለ ደከመ እግር፤ ክብደቱንና ቍጥሩን እየለዋወጡ ማበርታት

የተሰበረ እግር በጄሶ ታስሮ ሰንብቶ በተፈታ ጊዜ ቤተ ሰብ ሁሉ ደስ ይለዋል፤ ዐጥንቱ ገጥሟልና። ነገር ግን ሁለቱን ጭኖች አስተያይቶ የተመለከተ ሰው አንደኛው ከሌላው ቀጥኖ ያገኘዋል። ጡንቻ ሥራ ካጣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይመነምናልና። በመሰላና በጭሮ ዙሪያ ባለው በጨርጨር ደጋ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እርሻው ተዳፋት፥ መንገዱ ዳገትና ቍልቍለት ስለ ሆነ፥ ጭኑ የደከመበት ሰው ሸክሙ ለሚስቱና ለልጆቹ ይተርፋል።

ብዙ ሰው «መራመድ ይበቃዋል» ይላል። መራመድስ መልካም ነው፤ ነገር ግን ብርቱው እግር የደካማውን ሥራ ስለሚሸፍንለት፥ ደካማው እንደ ደከመ ይቀራል። ስለዚህ ለብቻው ሊሠራ ይገባዋል።

ይህን በሥራ ካሳዩት አንዱ ቶማስ ዴሎርም የተባለ የአሜሪካ ጦር ሐኪም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በቺካጎ ጕልበታቸው የተጐዳባቸውን ወታደሮች ሲያክም፥ ክብደቱን ቀስ በቀስ እየጨመሩ በእግራቸው እንዲያነሡ አደረገ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1945 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ በአንድ ቀን ከ70 እስከ 100 ጊዜ ማንሣትን አዝዞ ነበር። በ1948 ዓ.ም. ግን ከአርተር ዋትኪንስ ጋራ ሆኖ ያ ቍጥር እንደ በዛ ገልጦ ወደ ሦስት ዙር፥ በየዙሩ 10 ጊዜ አወረደው።

ከዚያ ወዲህ የተደረገው ምርመራ ደግሞ ሌላ ነገር አስረዳ። ከባዱን ጥቂት ጊዜ፥ ወይም ቀላሉን እስከ 30 ጊዜ ያነሣ ሰው፥ ጡንቻው ሊዝል እስኪቃረብ ድረስ ከሠራ ውፍረቱ በሁለቱም መንገድ ተቀራራቢ ሆኖ ያድጋል። ኀይልን ይበልጥ የሚጨምረው ግን ከባዱ ነው፤ ቀላሉም ለመገጣጠሚያው ይራራል። እንግዲህ ሁለቱን ማፈራረቅ የሁለቱንም ጥቅም ያስገኛል።

በቤት የሚደረገው እንዲህ ነው። ሐኪሙ ዐጥንቱ እንደ ጠና ተመልክቶ ከፈቀደ በኋላ፥ በጨርቅ ከረጢት አሸዋ ሞልቶ በሚዛን መመዘን፤ ከቍርጭምጭሚት በላይ ማሰር፤ እግር መሬት በማይነካበት ከፍ ባለ መቀመጫ ተቀምጦ ጕልበትን ቀስ ብሎ መዘርጋት፥ ቀስ ብሎም መመለስ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከ20 እስከ 25 ጊዜ የሚነሣ ቀላል ክብደት ብቻ ይበቃል። እግሩ ሲለምድ ሰኞ ከ6 እስከ 8 ጊዜ የሚነሣ ከባድ፥ ረቡዕ ከ10 እስከ 12 ጊዜ የሚነሣ መካከለኛ፥ ዐርብ ከ20 እስከ 25 ጊዜ የሚነሣ ቀላል ይሁን። በየቀኑ ሦስት ዙር ይበቃል፤ በመካከሉ ያለው ቀን የዕረፍት ነው። ደካማው እግር ይቅደም፤ ብርቱው ከእርሱ ቍጥር አይለፍ። በተወሰነው ቍጥር ላይ ሁለት ጊዜ መጨመር ከተቻለ ጥቂት አሸዋ ይጨመር።

የጡንቻ መዛልና የመገጣጠሚያ ሕመም አንድ አይደሉም። ጕልበት ቢያብጥ ወይም ቢወጋ ሥራውን ትቶ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። ምግቡም አይረሳ፤ ባቄላ፥ ሽምብራ፥ እንቍላልና ወተት ለጡንቻ መሠሪያ ይሆናሉ።

በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንደ ተባለ፥ ቀኑንና ክብደቱን፥ ያነሡትንም ቍጥር በደብተር መጻፍ ያስፈልጋል። በየወሩም ከጕልበት ሎሚ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ሁለቱን ጭኖች በሜትር መለካት ነው። ኀይል ከውፍረት አስቀድሞ ይመጣልና፥ በመጀመሪያው ወር ሜትሩ ባይለወጥ ተስፋ አይቈረጥ። በደብተሩ ላይ የአሸዋው ክብደት ከፍ ብሎ ከተገኘ እግሩ መንገድ ጀምሯል።