ሺህ ጊዜ የተሰለፈው ተከላካይ

በተማሪ ቤታችን ሜዳ ላይ ለኳስ ጨዋታ ቡድን ሲከፈል የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሁለት አለቆች ፊት ለፊት ቆመው ተራ በተራ ይመርጣሉ። መጀመሪያ የሚጠራው ኳስ እያታለለ የሚያልፈው ልጅ ነው፤ ቀጥሎም በኀይል የሚመታው ይጠራል። በመጨረሻ የቀረው ግን «አንተ ኋላ ቁም!» ይባላል። እንዲህ ተብሎ የቆመ ልጅ ብዙ ጊዜ ቅር ይለዋል፤ ኋላ መቆም የማይችል ሰው ቦታ ይመስለዋልና። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ኋላ ከሚቆሙት አንዱ ስለ ሆነ ቅሬታውን ከሰው የሰማው አይደለም።

ነገር ግን ኋላ መቆም ራሱን የቻለ ሞያ ነው። ይህን ለማስረዳት ስሙ በየግድግዳው ያልተለጠፈ፣ ዕድሜውን በእንግሊዝ አገር ዝቅተኛ ዲቪዚዮኖች ያሳለፈ አንድ ተከላካይ እንመልከት። ሰውየው ግራሃም አሌክሳንደር ይባላል። አንባቢ እንዳይሳሳት፣ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ ስለ ሊጉ አሠራር ጥቂት እንበል። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በቴሌቪዥን ፊት ተሰብስበን የምናያቸው የእንግሊዝ ክለቦች በላይኛው ደረጃ ያሉት 20 ብቻ ናቸው። ከነሱ በታች እያንዳንዳቸው 24 ክለቦች ያሏቸው ሦስት ዲቪዚዮኖች ስላሉ ጠቅላላው ቊጥር 92 ይሆናል። ይህም እንደ መሰላል ነው። በየዓመቱ መጨረሻ ከላይ ያሉት ደካሞች ይወርዳሉ፤ ከታች ያሉት ብርቱዎች ይወጣሉ። በሁለተኛው ዲቪዚዮን አንደኛና ሁለተኛ የሆኑት ያለ ተጨማሪ ውድድር ያልፋሉ። በአሌክሳንደር ዘመን ከሦስተኛ እስከ ስድስተኛ የወጡት አራቱ ግን እርስ በርሳቸው ይጋጠሙና አሸናፊው ብቻ ያልፍ ነበር። ይህ የማለፊያ ውድድር የተጀመረው በ1987 ነው። እንግዲህ አንድ ክለብ ዓመቱን በሙሉ ደክሞ በአንድ ቀን ሽንፈት ካለበት ሊቀር ይችላል ማለት ነው።

በታችኞቹ ዲቪዚዮኖች ሥራው ቀላል ነው ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል። በላይኛው ሊግ አንድ ክለብ በዓመት 38 የሊግ ጨዋታ ሲያደርግ፣ በታችኞቹ ግን 46 ያደርጋል። ቅዳሜ የተጫወተ ቡድን ማክሰኞ ማታ እንደ ገና ይሰለፋል፤ ክረምቱ ብርድ ነው፤ ሜዳው ጭቃ ነው። ተመልካቹም ጥቂት ሺህ ሰው ሆኖ ለሜዳው ቅርብ ስለሚቀመጥ የሚሰነዝረው ስድብ ሁሉ ለተጫዋቹ ጆሮ ይደርሳል።

አሁን ወደ ተከላካዩ ሥራ እንመለስ። አሌክሳንደር የቀኝ መስመር ተከላካይ ነበር። የዚህ ቦታ ጠባቂ የመጀመሪያ ሞያው ትዕግሥት ነው። ፈጣን አጥቂ ኳስ ይዞ ሲመጣበት ተወርውሮ ሊቀማው አይሞክርም፤ ተወርውሮ ያጣ እንደ ሆነ በስተኋላው ያለው ሜዳ ባዶ ነውና። ይልቁንም ሰውነቱን ጎን አድርጎ፣ ጥቂት እያፈገፈገ፣ አጥቂውን ወደ ሜዳው ዳር ይገፋዋል። ዳር የወጣ አጥቂ ከግቡ ስለሚርቅና የሚመታበትም ማዕዘን ስለሚጠብበት ጉዳቱ ይቀንሳል። ሁለተኛው ሞያ መስመር መጠበቅ ነው። አራቱ ተከላካዮች እንደ አንድ ገመድ አብረው ወደ ፊት ሲሄዱ አጥቂው ከጨዋታ ውጭ ይሆናል፤ ከአራቱ አንዱ እንኳ አንድ እርምጃ ቢዘገይ ግን የሦስቱ ድካም ከንቱ ይቀራል። ሦስተኛው ሞያ መናገር ነው። ተከላካይ ሜዳውን ሁሉ ፊት ለፊት ስለሚያይ «ሰው መጣብህ! ዙር! ልቀቅ!» እያለ ለጓደኞቹ ዓይን ይሆናል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግን የፍርዱ ሚዛን እኩል አይደለም። አጥቂ ዘጠኝ ጊዜ ስቶ በዐሥረኛው ቢያገባ በትከሻ ላይ ይወጣል። ተከላካይ ግን ሰማንያ ዘጠኝ ደቂቃ በደንብ ጠብቆ በዘጠናኛው አንድ ጊዜ ቢሳሳት ሰው ማታ የሚያወራው ያችኑ አንዲት ስሕተት ነው። ስለዚህ የተከላካይ መልካም ሥራ የሚታወቀው ምንም ነገር ባለመሆኑ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲጠብቅ ያደረ ዘበኛ ጠዋት የሚያመሰግነው እንደሌለ ሁሉ ማለት ነው።

አሌክሳንደር በጥቅምት ወር 1971 በእንግሊዝ አገር የመኪና ፋብሪካዎች በበዙባት በኮቨንትሪ ከተማ ተወለደ። የኳስ ሥራውን የጀመረው ግን የብረት ማቅለጫ ከተማ በሆነችው በስካንቶርፕ፣ በአራተኛው ዲቪዚዮን ውስጥ ነበር። በዚያ ዘመን በአንድ ክለብ የሚሠለጥን ወጣት ልምምድ ብቻ አይሠራም፤ የትልልቆቹን ተጫዋቾች ጫማ ያጸዳል፣ የልብስ መለወጫውንም ክፍል ይጠርጋል። ከነዚህ ወጣቶች አብዛኞቹ ውል ሳያገኙ ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። አሌክሳንደር ግን ከቀሩት ጥቂቶች አንዱ ሆነና በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዋናው ቡድን መሰለፍ ጀመረ።

በ1995 ወደ ሉተን ተዛወረ። ሉተን ያን ጊዜ በሁለተኛው ደረጃ ላይ ስለ ነበረ ነገሩ ዕድገት ነበር። ግን ገና ዓመት ሳይሞላው ክለቡ ከሁሉም የመጨረሻ ሆኖ በ1996 ወደ ሦስተኛው ደረጃ ወረደ። በመጋቢት ወር 1999 ደግሞ በዚያው በሦስተኛው ደረጃ ወደነበረው ወደ ፕሬስተን ሄደ። ፕሬስተን የጥጥ ፋብሪካ ከተማ የነበረች ናት፤ ክለቧም ሊጉ በ1888 ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኖ የመጀመሪያውን ዋንጫ አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ የወሰደ ነው። እሱ በገባ ጊዜ ግን ያ ክብር የአያቶች ወሬ ሆኖ ነበር። በ2000 ቡድኑ የሦስተኛውን ደረጃ ዋንጫ ወስዶ ወደ ሁለተኛው ወጣ።

በዚህ ላይ ስለ ዝውውር አንድ ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል። በድሮ ጊዜ በእንግሊዝ አገር አንድ ተጫዋች ውሉ ቢያልቅም እንኳ ክለቡ ካልፈቀደለት ወደ ሌላ መሄድ አይችልም ነበር። ደመወዙም ከተወሰነ ልክ አያልፍም፤ ይህ የደመወዝ ገደብ በ1961 ሲነሳ ከፍተኛው በሳምንት 20 ፓውንድ ነበረ። ዣን ማርክ ቦስማን የሚባል የቤልጅግ ተጫዋች በከሰሰው ክስ የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ1995 ከፈረደ ወዲህ ግን፣ ውሉ ያለቀ ተጫዋች ያለ ዝውውር ዋጋ ወደ ወደደው ክለብ መሄድ ቻለ። ይህ ለዝነኞቹ ትልቅ ሀብት አመጣላቸው። በታችኞቹ ዲቪዚዮኖች ላለው ተከላካይ ግን ነጻነቱ ሁለት ፊት አለው። እሱ እንደ ልቡ እንደሚሄድ ሁሉ፣ ክለቡም በግንቦት ወር «ለሚመጣው ዓመት አንፈልግህም» ሊለው ይችላል። ሚስትና ልጆች ላሉት፣ በኪራይ ቤት ለሚኖር፣ ዕድሜውም ወደ ሠላሳ ለተጠጋ ሰው ይህች ወር የፈተና ወር ናት። በየዓመቱ ተፈላጊ ሆኖ መገኘት ራሱ ድል ነው የምንለው ስለዚህ ነው።

የአሌክሳንደር ሕይወት በሽንፈትም የተሞላ ነበር። ከላይ ያነሣነው የማለፊያ ውድድር ለሱ የመራራ ጽዋ ያህል ሆኖበት ቆየ። በ1992 ስካንቶርፕ በዌምብሌይ በፍጹም ቅጣት ምት በብላክፑል ተሸነፈ። በ1997 ሉተን በክሩ ተረትቶ ቀረ። በ2001 ፕሬስተን ለላይኛው ሊግ አንድ ጨዋታ ብቻ ሲቀረው በቦልተን 3 ለ 0 ተሸነፈ። በ2005 እንደ ገና ለመጨረሻው ጨዋታ ደርሶ በዌስትሃም 1 ለ 0 ተረታ። በ2006 ደግሞ ሊድስ ከመንገድ አስቀረው። ሰውየው በዚህ ጊዜ 34 ዓመቱ ነበር። በዚህ ዕድሜ አብዛኞቹ ተጫዋቾች ጫማቸውን ሰቅለዋል።

እሱ ግን አልሰቀለም። በ2007 በዚያው አውራጃ ወደምትገኘው ወደ በርንሌይ ተዛወረ። አሠልጣኙ ኦወን ኮይል እግሩ እንደ ድሮው ለመስመር ሩጫ እንዳልሆነ፣ ዓይኑና ልቡናው ግን እንደ በሰለ አየና፣ ከመስመሩ አንሥቶ ከተከላካዮቹ ፊት በመካከል አቆመው። በርንሌይ ከላይኛው ደረጃ ከወረደ 33 ዓመት ሆኖት ነበር። በ25 ግንቦት 2009 በዌምብሌይ ሼፊልድ ዩናይትድን 1 ለ 0 አሸንፎ አለፈ። ያን ያህል ዓመት የተዘጋው በር በመጨረሻ ተከፈተ ማለት ነው። በነሐሴ 2009 አሌክሳንደር በላይኛው ሊግ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰለፍ ዕድሜው 37 ነበር። በጥቂት ቀናት ውስጥም ቡድኑ የዚያን ጊዜውን የሊግ ባለዋንጫ ማንቸስተር ዩናይትድን በገዛ ሜዳው 1 ለ 0 አሸነፈ። እውነቱን ለመናገር ደስታው ረጅም አልነበረም፤ በ2010 በርንሌይ ተመልሶ ወረደ። የመሰላሉ ሕግ ለማንም አያደላም።

ለአገር መሰለፍም እንዲሁ የመጣለት ዘግይቶ ነው። በትውልድ ሐረጉ ለስኮትላንድ መጫወት ይችል ስለ ነበር በ2002፣ በ30 ዓመቱ፣ ከናይጄሪያ ጋራ በተደረገው ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ ማሊያውን ለበሰ። ከዚያም 40 ጊዜ ተሰለፈ። በመስከረም 2007 ስኮትላንድ ፈረንሳይን በፓሪስ ከተማ 1 ለ 0 ስታሸንፍ ከተከላካዮቹ አንዱ ይኸው የሁለተኛ ዲቪዚዮን ሰው ነበር።

አሁንም ስለ ፍጹም ቅጣት ምት ጥቂት እንጨምር። ተከላካይ ሆኖ ሳለ በሊግ ጨዋታዎች ብቻ ከ100 በላይ ግብ አግብቷል፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ከ11 ሜትር የተመቱ ፍጹም ቅጣት ምቶች ናቸው። ርቀቱ ቅርብ ስለ ሆነ ሰው ቀላል ይመስለዋል። ነገር ግን በዚያች ሰዓት ሜዳው ሁሉ ዝም ይላል፤ መቺውም ብቻውን ይቀራል። በተማሪ ቤታችን እንኳ ያን ጊዜ «እኔ ልምታ» የሚል ሲበዛ አናይም። አሌክሳንደር ግን በየክለቡ ኳሱን አንሥቶ ወደ ነጥቡ የሚሄድ ሰው ነበር። ለዓመታት ስሕተቱ ብቻ ሲቈጠርበት የኖረ ተከላካይ በሰው ሁሉ ፊት ለመሳሳት መድፈርን ቢማር አያስደንቅም።

በ16 ሚያዝያ 2011 በርንሌይ ከስዋንሲ ሲጋጠም ተቀይሮ ገባና ሺህኛ ጨዋታውን አደረገ። 39 ዓመቱ ነበር። በዚያው ዓመት ወደ ፕሬስተን ተመለሰ፤ ያም ክለብ ወደ ሦስተኛው ደረጃ ወርዶ ነበር። በ28 ሚያዝያ 2012 የመጨረሻ ጨዋታው ሆነ። ተጋጣሚው የዚያ ዓመት የዲቪዚዮኑ አሸናፊ ቻርልተን ነበር፤ ፕሬስተንም 2 ለ 1 እየተመራ ነበር። አሌክሳንደር ተቀይሮ ገባ። መደበኛው ሰዓት አልቆ ጭማሪው ላይ ሳለ ከሳጥኑ ውጭ የቅጣት ምት ተገኘ። ኳሱን አስተካክሎ መታና አገባ፤ ጨዋታውም 2 ለ 2 አለቀ። በመጀመሪያ ደረጃ ያልተጠራው፣ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ሲዞር የኖረው የ40 ዓመት ሰው በዚህች ምት ሞያውን ዘጋ።

ከዚያ በኋላ አሠልጣኝ ሆነ። በ2014 ፍሊትውድ የሚባለውን ክለብ ከአራተኛው ደረጃ ወደ ሦስተኛው ያሳለፈው ስንት ጊዜ ባስለቀሰው በዚያው በማለፊያ ውድድር ነው።

ክቡራን ወላጆችና መምህራን ይህን አንብበው ልጆቹ ትምህርቱን ትተው ኳስ ይከተሉ የተባለ እንዳይመስላቸው እንለምናለን። ሐሳባችን የተገላቢጦሽ ነው። ከአሌክሳንደር ጋራ ጫማ ሲያጸዱ ከነበሩት ወጣቶች አብዛኞቹ ሌላ እንጀራ ፈልገዋል፤ ኳስ የሚያበላው ከብዙ ጥቂቱን ነውና። ለማስረዳት የፈለግነው ሌላ ነገር ነው። በክፍላችንም ውስጥ አንደኛ የሚወጣው አንድ ሰው ብቻ ነው። የቀረነው ሁሉ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዲቪዚዮን ያለን ነን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ለኛ የሚጠቅመን ዛሬም ነገም ተፈላጊ ሆኖ መገኘት ነው። ይኸውም በሰዓቱ መድረስ፣ የተሰጠንን ቦታ መጠበቅ፣ ጓደኛ ሲሳሳት መሸፈን፣ ተራችን በደረሰ ጊዜም ኳሱን ለማንሳት አለመፍራት ነው።

በሚመጣው ሳምንት በሜዳችን ቡድን ሲከፈል «አንተ ኋላ ቁም» የሚባል ጓደኛ አይጠፋም። እንግዲህ ቅር አይበለው። ሄዶ ይቁም፤ ነገር ግን በደንብ ይቁም።