የቤቱ ዕዳ የማን ነው?

«ዕዳ ከሜዳ» የሚለው አባባላችን የሚነገረው ሰው ያልተበደረውን ሲከፍል፥ ያላጠፋውን ሲጠየቅ ነው። ብዙ ጊዜም የምንለው ለቀልድ ወይም ለምሬት እንጂ ስለ ሕግ ስንነጋገር አይደለም። ነገር ግን ዕዳ በእርግጥ ከሜዳ የሚነሣበት፥ ሕግም «ክፈል» ብሎ የሚያዝበት አንድ ሥፍራ አለ፤ ይኸውም የቤት ግዢ ነው። ይልቁንም ቤቱ በውጭ አገር የሚገኝ ሲሆን፥ ገዢው የአገሩን ቋንቋና ልማድ ስለማያውቅ፥ ከቤቱ ቁልፍ ጋር የሌላ ሰው ዕዳ እንደ ተረከበ የሚረዳው የክፈል ደብዳቤ ሲደርሰው ነው።

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ ዕዳን ለሁለት ከፍሎ ማየት ያስፈልጋል። አንደኛው ሰውን የሚከተል ዕዳ ነው። ልብስ በዱቤ የወሰደ ወይም ከወዳጁ ገንዘብ የተበደረ ሰው ቤቱን ቢሸጥ፥ ዕዳው ከእርሱ ጋር ይሄዳል እንጂ ከቤቱ ጋር አይቀርም። ሁለተኛው ንብረትን የሚከተል ዕዳ ነው። ይህኛው ከግድግዳው ጋር አብሮ እንደ ተለሰነ ይቆጠራል፤ ባለቤቱ ቢለወጥም እርሱ ሥፍራውን አይለቅም።

የትኛው ዕዳ ከየትኛው ወገን እንደሚመደብ ግን ከአገር አገር ይለያያል፤ ችግሩም የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው። በእንግሊዝ አገር የከተማ ምክር ቤት የሚሰበስበው የመኖሪያ ቤት ግብር የሰው ዕዳ ነው። የቀድሞው ነዋሪ ሳይከፍል ቢሄድ አዲሱ ገዢ አይጠየቅበትም። በዚህ ልማድ ያደገ እንግሊዛዊ ፀሐይ ፍለጋ ወደ ስፔን የባሕር ዳርቻ ሄዶ ቤት ሲገዛ የሚያገኘው ሕግ ሌላ ነው። እንግሊዞች ደግሞ በስፔን ቤት ከሚገዙት የውጭ አገር ሰዎች መካከል ለብዙ ዓመታት በቁጥር ቀዳሚዎቹ ስለ ሆኑ፥ እኛም ምሳሌያችንን ከዚያው አገር ወስደናል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ በእኛ አቆጣጠር ብለን ካልገለጽን በስተቀር፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በስፔን ከተሞች ብዙው ሕዝብ የሚኖረው ፎቅ ቤት ውስጥ በሚገኝ አፓርታማ ነው። ጣሪያው፥ ደረጃው፥ አሳንሰሩ የሁሉም ስለ ሆነ እያንዳንዱ ባለቤት የጋራ መዋጮ ይከፍላል። ይህን የሚያስተዳድረው ሕግ የወጣው ሐምሌ (ጁላይ) 21 ቀን 1960 ነው። በሕጉ 9ኛ አንቀጽ መሠረት አፓርታማ የገዛ ሰው የቀድሞው ባለቤት ሳይከፍል የተወውን መዋጮ በገዛው ንብረት ይጠየቅበታል። እስከ 2013 ድረስ ገዢው የሚጠየቀው ለግዢው ዓመትና ከዚያ በፊት ላለው ለአንድ ዓመት ብቻ ነበር። በ2013 ሕጉ ሲሻሻል ግን የኋላው ዘመን ወደ ሦስት ዓመት ከፍ አለ።

ለምሳሌ ያህል በአሊካንቴ ከተማ መዋጮው በወር 100 ዩሮ የሆነ አፓርታማ አለ እንበል። ባለቤቱ ለ5 ዓመት መዋጮ ሳይከፍል ቆይቶ በጁን 2024 መጨረሻ ሸጠው። ጠቅላላው ዕዳ 6,000 ዩሮ ነው። ከዚህ ውስጥ ገዢው የሚጠየቀው ለ2021፥ ለ2022 እና ለ2023 ሙሉ ዓመታት፥ ለ2024ም ለ6 ወር፥ በድምሩ 4,200 ዩሮ ነው። የቀረው 1,800 ዩሮ በሻጩ ላይ ብቻ ይቆያል። በቀድሞው ደንብ ቢሆን ኖሮ ገዢው የሚጠየቀው 1,800 ዩሮ ብቻ በሆነ ነበር። እርግጥ ነው፥ ገዢው የከፈለውን ከሻጩ የመጠየቅ መብት አለው። ነገር ግን ገንዘቡን ተቀብሎ ወደ ሌላ አገር የሄደን ሰው በምን አድራሻ ያገኘዋል?

ሌላም ወጥመድ አለ። ጎረቤቶቹ ተሰብስበው አሳንሰር ለማስገባት ወይም ሕንፃውን በሌላ መንገድ ለማሻሻል ወስነው፥ ክፍያው በየጊዜው እንዲከፈል አድርገው ይሆናል። ለዚህ ዓይነቱ ልዩ መዋጮ ተጠያቂው ውሳኔው በተሰጠበት ቀን የነበረው ባለቤት ሳይሆን፥ ክፍያው በሚደርስበት ቀን ባለቤት የሆነው ሰው ነው። ስለዚህ ገዢው «ያለፈ ዕዳ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቁ ብቻ አይበቃውም፤ «የተወሰነና ገና የሚመጣ ክፍያ አለ ወይ?» ብሎም መጠየቅ ይገባዋል።

የማዘጋጃ ቤቱ ዓመታዊ የቤት ግብርም ንብረትን ከሚከተሉት ወገን ነው። ማዘጋጃ ቤቱ በመጀመሪያ ሻጩን ይጠይቃል፤ ከእርሱ ማግኘት ካልቻለ ግን ወደ ቤቱ ይመለሳል። ባንክ በመያዣ ያበደረው ገንዘብም በንብረት መዝገብ ተጽፎ እንደ ሆነ ቤቱ በማንም እጅ ቢገባ ይከተለዋል።

ሻጩ ራሱ የስፔን ነዋሪ ካልሆነ ደግሞ ገዢው ሳያስበው ግብር ሰብሳቢ ይሆናል። ከሽያጩ ዋጋ 3 በመቶውን አስቀርቶ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ለመንግሥት ግምጃ ቤት ማስገባት አለበት። ይህን ሳያደርግ ሙሉውን ዋጋ ለሻጩ ቢሰጥ፥ ለጎደለው ግብር የሚያዘው የገዛው ቤት ነው። ማዘጋጃ ቤቱ በመሬቱ ዋጋ ማደግ የሚያስከፍለውን ግብርም እንዲሁ በነዋሪው ባልሆነ ሻጭ ፈንታ የሚጠየቅበት ገዢው ነው።

ሻጭም ቢሆን «ሸጥሁ፥ ተገላገልሁ» ብሎ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይችልም። ባለቤትነቱ መተላለፉን ለሕንፃው ማኅበር ጸሐፊ ካላስታወቀ፥ ከሽያጩ በኋላ ለሚመጣው መዋጮ ከአዲሱ ባለቤት ጋር በአንድነት ይጠየቃል። እንዲህም ሲሆን የማይኖርበትን ቤት የደረጃ መብራት ሲከፍል ሊገኝ ነው!

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው? መድኃኒቱ ወረቀት ነው። ቀብድ ከመስጠት በፊት ከንብረት መዝገብ ቤት ስለ ቤቱ አጭር መግለጫ ማውጣት ይቻላል፤ በዚያም ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ፥ ምን መያዣና ምን እገዳ እንደ ተመዘገበበት ይታያል። ሻጩ የመዋጮ ዕዳ እንደሌለበት የሚያስረዳ ምስክር ወረቀት ከማኅበሩ ማምጣት አለበት። ጸሐፊውም በተጠየቀ በ7 ቀን ውስጥ እንዲሰጥ በሕግ ታዟል። ይህ ወረቀት ሳይቀርብ ውል አዋዋዩ ሽያጩን ማጽደቅ አይችልም፤ ገዢው ራሱ «ይቅርብኝ» ብሎ ካልተወው በስተቀር። በዚህ ቃል የሚጠቀመው ሻጩ ብቻ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደ ተባለው፥ በሰባት ቀን የሚገኘውን ወረቀት ለመጠበቅ ያልታገሠ ገዢ ለዓመታት ሲከፍል ይኖራል። ዕዳ ቢገኝበትም ግዢውን መተው ግድ አይደለም፤ የዕዳውን ልክ ከዋጋው ቀንሶ መያዝ ይቻላል።

«ያልተበደረን ሰው ማስከፈል ፍርድ ነው ወይ?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናምናለን። እኛም ይህን ጥያቄ ቀላል አድርገን አናየውም። ነገር ግን ነገሩን በሌላው ወገን ሆነን እንየው። በአንደኛው ፎቅ የምትኖር አሮጊት መዋጮዋን በየወሩ ስትከፍል፥ ጎረቤቷ ሳይከፍል ሸጦ ቢሄድ፥ ጉድለቱን የምትሞላው እርስዋ ናት። ከሁለቱ መካከል አስቀድሞ ለመመርመር ዕድል የነበረው ገዢው ነው። እርስዋ ግን ጎረቤቷን አልመረጠችም። እንግዲህ ሕጉ ጭካኔ አለበት ከማለት ይልቅ ጥንቃቄን ያዝዛል ማለት ይሻላል። ደግሞም ልኩ የታወቀ ነው፤ ለመዋጮው ዕዳ የሚያዘው የተገዛው ንብረት ነው እንጂ የገዢው ሌላ ሀብት አይደለም።

ይህ አስተሳሰብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንና የስፔኑ የአፓርታማ ሕግ የታወጁት በሦስት ወር ጊዜ ውስጥ ነው። በእኛም ሕግ በሚገባ የተመዘገበ መያዣ የማይንቀሳቀሰውን ንብረት ተከትሎ ወደ ገዢው እጅ ይገባል። «ከዕዳና ከእገዳ ነጻ» የሚለው ቃል በቤት ሽያጭ ውላችን ላይ የሚጻፈው ለጌጥ አይደለም።

ስለዚህ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በየትኛውም አገር ቤት ሲገዙ የሻጩን መልካም ጠባይ መመስከር ብቻውን እንደማይበቃ እንዲያስቡ እናሳስባለን። ሻጩ ደግ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ቤቱ ግን ባለ ዕዳ ሊሆን ይችላል። ሰውየውን ከመረመሩ በኋላ ቤቱንም ይጠይቁት፤ የሚመልሰውም በመዝገብ ቤት በኩል ነው።