በተደጋጋሚ በሚነሡ የዳታ ፓይፕላይኖች ከሂፕ ውጭ የሚያድግ ማህደረ ትውስታን ስለ መመርመር

በጃቫ ቨርቹዋል ማሽን ላይ የሚሠራ ፓይፕላይን የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ያለ እንከን ይፈጽምና ከብዙ ዙሮች በኋላ በመውጫ ኮድ 137 ይቋረጣል። ቁጥሩ የ128 እና የ9 ድምር ሲሆን፣ ሂደቱ በሲግናል 9 በግድ መገደሉን ያመለክታል፤ በኮንቴይነር ውስጥ ይህ በአብዛኛው የማህደረ ትውስታ ጣሪያው በመታለፉ የሚመጣ ነው። የሂፑ ግራፍ ግን ጤናማ ነው። በዚህ ጊዜ የሂፑን ጣሪያ ከፍ ማድረግ የተለመደ ቢሆንም ችግሩን ያባብሳል፤ የኮንቴይነሩ መጠን እስካልተለወጠ ድረስ ሂፑ በሰፋ ቁጥር ለሌላው የሚተርፈው ይጠብባልና።

ለተመራማሪ ጉዳቱ ከመቋረጡ በፊት ይጀምራል። እያደገ የሚሄደው ማህደረ ትውስታ የፋይል መሸጎጫውን ቦታ ስለሚሻማ፣ በአንድ ሂደት ውስጥ የተለካው 20ኛው ዙር ከ1ኛው ጋር የሚነጻጸር ላይሆን ይችላል።

ቀዳሚው ጥያቄ እድገቱ የሚከተለው የዙሮችን ብዛት ነው ወይስ የዳታውን መጠን የሚል ነው። ጥቂት መስመሮች ብቻ ያሉትን ዳታ ደጋግሞ ማስኬድ ይህን በርካሽ ይለያል። ጥቂት ዳታ ይዞም እድገቱ እኩል ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የክላስ አጫጫን ነው። በአፓቼ ፍሊንክ የሴሽን ክላስተር ለምሳሌ፣ የእያንዳንዱ ሥራ ኮድ በአዲስ ክላስ ሎደር ይጫናል። ሥራው ካበቃ በኋላ ያልተዘጋ ትሬድ፣ ያልጸዳ ትሬድ ሎካል፣ ወይም በድራይቨር ማኔጀር የተመዘገበ የጄዲቢሲ ድራይቨር አሮጌውን ሎደር ከያዘው፣ የሎደሩ ክላሶች በሙሉ በሜታስፔስ ውስጥ ይቀራሉ። ድራይቨሩን በፍሊንክ የሊብ ማውጫ ውስጥ ማኖር አንዱን ሰንሰለት ይበጥሳል፤ ትሬዶቹን መዝጋት ግን የኮዱ ጸሐፊ ኃላፊነት ነው።

የዳይሬክት ባፈር ጠባይ ከዚህ ይለያል። በሂፕ ላይ ያለው ዕቃ ጥቂት ባይት ቢሆንም ከሂፕ ውጭ ብዙ ሜጋባይት ሊይዝ ይችላል፤ የሚለቀቀውም ዕቃው በጋርቤጅ ኮሌክተር ሲነሣ ነው። ሂፑ ሰፊና ጸጥተኛ ከሆነ ኮሌክተሩ ለመምጣት አይቸኩልም። ማሽኑ የባፈሩ ጣሪያ ሲሞላ ራሱ ጽዳት ይጠይቃል፤ ይሁንና ቀጥተኛ የጽዳት ጥሪን የሚያግድ አማራጭ በርቶ ከሆነ ጥያቄው ሰሚ አያገኝም። ያን አማራጭ ያለ ምክንያት ከሌላ ሰው ማዋቀሪያ የቀዱ ጥቂት አይደሉም።

ቀጥሎ የጃቫው ኔቲቭ ሜሞሪ ትራኪንግ መሣሪያ ይበራል፤ ከመጀመሪያዎቹ ዙሮች በኋላ መነሻ ተይዞ ከኋለኛው ጋር ይነጻጸራል። መሣሪያው ከ5 እስከ 10 በመቶ የአፈጻጸም ጫና ስላለው፣ ፍጥነት በሚለካበት ሙከራ ላይ ማብራት አይገባም። በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፉ ላይብረሪዎች በራሳቸው የሚወስዱትንም አያይም። እሱ የሚያሳየው ድምር ጸንቶ ሳለ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሚያሳየው አርኤስኤስ ካደገ፣ ፍለጋው ከማሽኑ ውጭ ይሆናል።

እዚያ ሁለት ተጠርጣሪዎች አሉ። አንደኛው የጂሊብሲ አከፋፈል ነው፤ በ64 ቢት ሥርዓት እስከ ፕሮሰሰር ኮሮቹ 8 እጥፍ የሚደርሱ አሬናዎችን ይከፍታል፣ ፕሮግራሙ የመለሰውንም ሁልጊዜ ለሥርዓቱ አይመልስም። የአሬናዎቹን ቁጥር ወደ 2 ዝቅ አድርጎ ወይም በጄማሎክ ተክቶ መሞከር ነው። የፍሊንክ የዶከር ምስሎች ከ1.12 ጀምሮ ጄማሎክን የሚጠቀሙት በዚሁ ምክንያት ነው። ከለውጡ በኋላ መስመሩ ጠፍጣፋ ከሆነ ችግሩ መበጣጠስ ነበር። እንደ በፊቱ በየዙሩ በእኩል መጠን ከጨመረ ግን እውነተኛ ፍሳሽ አለ፤ የጄማሎክን ፕሮፋይለር አብርቶ የትኛው ጥሪ እንደሚወስድ ማየት ያስፈልጋል። ሮክስዲቢን በቀጥታ የሚጠራ ኮድ ካለ፣ ከዚያ በፊት ያልተዘጉ ኢተሬተሮችን መፈለግ ጊዜ ይቆጥባል።