ስለ ሠንጠረዥ አመራረጥ፤ የመሥሪያ ቤት መዝገብ በድረ ገጽ ላይ ሲሠራ



አንድ ባለጉዳይ ከመስኮት ፊት ቆሞ ስሙን ሲናገር፥ ጸሐፊውም በኮምፒዩተሩ ፈልጎ «እንዲህ ያለ ስም በመዝገባችን የለም» ብሎ ሲመልሰው አይታችሁ ይሆናል። ሰውየው የመጣው የጡረታ መብቱን ወይም የቦታ ይዞታውን ለማስረዳት ነው። ዶሴውም አልጠፋም፤ በዚያው መዝገብ ውስጥ ተቀምጧል። ጸሐፊውም አልሰነፈም። ስሕተቱ የተሠራው ምናልባት ከዓመታት በፊት፥ መዝገቡን በድረ ገጽ ላይ የሚያሳየው ሠንጠረዥ በተመረጠበት ቀን ይሆናል። ይህ ምርጫ ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ብቻ የሚተው ነገር መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን በመሣሪያው ዕለት ዕለት የሚሠራበት የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ስለ ሆነ፥ አስተያየቱ ሲጠየቅ አውቆ ለመመለስ እንዲችል ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል።

ዳታ ግሪድ የሚባለው መሣሪያ፥ የፕሮግራም ጸሐፊዎች ከባዶ እንዳይጀምሩ አስቀድሞ የተዘጋጀ የፕሮግራም ክፍል ነው። መዝገብን በረድፍና በዓምድ ያሳያል፤ በቅደም ተከተል ያስይዛል፤ ያጣራል፤ በቦታውም ላይ እንዲታረም ያደርጋል። እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛው ይሻላል?» ሳይሆን «በውኑ ያስፈልገናል ወይ?» የሚል መሆን አለበት። ለንባብ ብቻ የሚቀርብ የ50 ወይም የ60 ረድፍ ዝርዝር ከሆነ፥ ብራውዘሮች ሁሉ ከጥንት ጀምረው የሚያውቁት ተራው የኤች.ቲ.ኤም.ኤል. ሠንጠረዥ ይበቃል። እርሱ ቀላል ነው፤ ይታተማል፤ አይበላሽም።

መዝገቡ 100,000 ረድፍ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ይህን ሁሉ ባንድ ጊዜ እንዲሥል የታዘዘ ብራውዘር ይንቀራፈፋል፥ አንዳንድ ጊዜም ይቆማል። ለዚህ የተገኙት መድኃኒቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው፥ መረጃው ሁሉ ቢመጣም በዓይን የሚታዩትን 30 ወይም 40 ረድፎች ብቻ መሣልና ሰው ወደ ታች ሲወርድ እነዚያን እየለወጡ ማሳየት ነው። ሁለተኛው፥ መዝገቡ በሰርቨር ላይ እንዲቆይ አድርጎ ገጽ በገጽ እየቈረሱ ማምጣት ነው። ሁለቱም መልካም ናቸው፤ ነገር ግን ሁለቱም ወጥመድ አላቸው።

በመጀመሪያው ዘዴ፥ በብራውዘሩ የራሱ መፈለጊያ የሚፈልግ ሠራተኛ ገና ያልተሣለውን ረድፍ ሊያገኘው አይችልም፤ ሲያትምም የተሣለው ብቻ ይወጣለታል። በሁለተኛው ዘዴ ያለው ወጥመድ ደግሞ የባሰ ነው። ሠራተኛው ከሁሉ የቈየውን አቤቱታ ለማስቀደም የቀኑን ዓምድ ራስ ሲጫን፥ ሠንጠረዡ በእጁ ያሉትን 50 ረድፎች ብቻ አስተካክሎ ቢያሳየው፥ በ40ኛው ገጽ ያለው አሮጌ አቤቱታ ተቀብሮ ይቀራል። ሠራተኛው ግን ሁሉን ያየ ይመስለዋል። ስለዚህ ማስተካከሉም፥ ማጣራቱም፥ «ሁሉን ምረጥ» የሚለው ትእዛዝም መዝገቡን በሙሉ ወይስ የሚታየውን ገጽ ብቻ እንደሚመለከት አስቀድሞ መጠየቅ ግዴታ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለስ። ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት ሥርዓት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. የግእዝን ፊደል አስገብቷል። በዚህ ሥርዓት እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። ለጆሯችን አንድ የሆኑት ሀ፥ ሐ እና ኀ ለኮምፒዩተሩ ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። እንግዲህ አንዱ መዝጋቢ «ኃይሉ»፥ ሌላው «ሃይሉ»፥ ሦስተኛውም «ሐይሉ» ብሎ የጻፈ እንደ ሆነ፥ በቁጥር ብቻ የሚያስተካክል ሠንጠረዥ አንዱን ከዝርዝሩ ራስ፥ ሌላውን ከለ በኋላ፥ የቀረውን ከተ በታች ያኖረዋል። ከመስኮቱ ፊት የቆመው ባለጉዳይ «የለህም» የተባለው በዚህ ምክንያት ነው። በሰና ሠ፥ በአና ዐ፥ በጸና ፀ መካከል ያለውም ችግር ይኸው ነው።

መፍትሔው የሰውን ስም መለወጥ አይደለም፤ ስም ባለቤቱ እንደ ጻፈው ሊጠበቅ ይገባዋል። ነገር ግን ከስሙ ጐን የማይታይ የመፈለጊያ ዓምድ አበጅቶ፥ በዚያ ውስጥ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ መመለስ ይቻላል። ስለዚህ የሚመረጠው ሠንጠረዥ የራሳችንን የማወዳደሪያና የማጣሪያ ሥርዓት የሚቀበል መሆን አለበት። አጂ ግሪድ የተባለው ለምሳሌ ይህን ይፈቅዳል። ፍለጋው በሰርቨር ላይ የሚሠራ ከሆነ ግን ሥርዓቱም እዚያው መተከል ይኖርበታል።

ስለ ቀንም እንዲሁ ነው። ከሠንጠረዡ ጋር የሚመጣው የቀን መምረጫ 12 ወር ብቻ የሚያውቅ ከሆነ፥ በጳጉሜን 3 ቀን የተወለደ ሕፃን በየትኛው ወር ይመዘገባል? ስለዚህ የራሳችንን መምረጫ ለመተካት የሚፈቅድ መሆኑን ማረጋገጥ ያሻል። ቀኑም እንደ ተራ ጽሑፍ የተቀመጠ እንደ ሆነ፥ 10 ከ2 ቀድሞ ይሰለፋል።

የዋጋና የፈቃድ ጉዳይም ቸል አይባልም። አጂ ግሪድ በነፃ የሚሰጠው ክፍል አለው፤ ረድፎችን በየወገናቸው መሰብሰብንና ወደ ኤክሴል ማውጣትን የመሰሉት ግን በሚከፈልበት ክፍል ናቸው። ታንስታክ ቴብል የተባለው ነፃ ነው፤ ነገር ግን ስሌቱን ብቻ ሠርቶ ሥዕሉን ለፕሮግራም ጸሐፊው ስለሚተው፥ ነፃነቱም ድካሙም ብዙ ነው። ሃንድሰንቴብል ደግሞ ለማንም ነፃ ሆኖ ከቈየ በኋላ፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2019 ዓ.ም. ለንግድ ለሚሠሩበት አዲሱን እትም በክፍያ አድርጎታል። ፈቃድ ሊለወጥ ስለሚችል፥ ሠንጠረዡን ከቀረው ሥራ ለይቶ መትከልና በሌላ ለመተካት በር መተው ብልህነት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ዓምድን ከዓይን መሰወር ምስጢርን መጠበቅ ማለት አይደለም። የደመወዝ ዓምድ በሠንጠረዡ ላይ ባይታይም፥ መረጃው ወደ ብራውዘሩ ከተላከ ጥቂት የሚያውቅ ሰው ያነበዋል። ሰው ሊያየው የማይገባው ነገር ከሰርቨሩ መውጣት የለበትም።

እንግዲህ ሠንጠረዥ እንዴት ይፈተን? ሻጩ በሚያሳየው ንጹሕ ምሳሌ ሳይሆን፥ ሊታወቁ የማይገባቸውን ስሞች በመለወጥ በራሳችሁ መዝገብ ፈትኑት። በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ካሉት ኮምፒዩተሮች እጅግ በሚዘገየው ላይ ይከፈት። ፈታኙም ከመስኮት የሚሠራው ጸሐፊ ይሁን። ያለ ማውስ፥ በቁልፎች ብቻ ከረድፍ ወደ ረድፍ ይሂድበት፤ ዓይነ ስውር ባልደረባ ካለ፥ ገጹን በድምፅ በሚያነብለት ፕሮግራም እርሱም ይሞክረው። ኃይሉን በሦስቱም አጻጻፍ ይፈልግ፤ ከሁሉ የቈየውን አቤቱታ ያውጣ፤ አንድ ገጽም ያትም። ይህን ሁሉ ያለፈው ሠንጠረዥ፥ መልኩ ባያምርም እንኳ፥ ሊመረጥ ይገባዋል።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ለፈተናው ጥቂት ቀን መስጠት ያስጨነቀው መሥሪያ ቤት ለብዙ ዓመታት ባለጉዳዩን «ነገ ተመለስ» እያለ ይኖራል። በመዝገብ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ሰው ነውና፥ ሠንጠረዥ ስንመርጥ ያን ሰው ስሙን ስንጠራው እንድናገኘው አድርገን እንምረጥ።