ለጀልባ መቀመጫ ስፖንጅ የሚሆነው ማጣበቂያ የትኛው ነው?

ትምህርት ቤት በተዘጋበት ወቅት እኔና ሁለት ጓደኞቼ ካቶር ወንዝ ዳር የአንድ የብረት ጀልባ መቀመጫ ስፖንጅ ልናለብስ ተዋዋልን። የፍራሽ ስፖንጅ ቆርጠን፣ በርካሽ ባገኘነው ነጭ የእንጨት ኮላ ለጥፈን፣ ሸራ አለበስነው። ባለቤቱ ደስ ብሎት ከፈለን። በሦስተኛው ቀን ዝናብ ጣለ፤ ኮላው እንደ ወተት ሟሙቶ ስፖንጁ ከነሸራው ተነሣ። የተቀበልነውን ገንዘብ መለስን፣ የዕቃው ዋጋም ከኪሳችን ቀረ። ከጎሮም ሰፈር ለቀን ሥራ ወደ ጁባ የምትመጡ ወገኖች ይህን ኪሳራ እንዳትደግሙት በማሰብ ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን እነሆ።

ስህተታችን ከኮላው በፊት ከስፖንጁ ይጀምራል። ከመግዛታችሁ በፊት ቁራጩን ባልዲ ውኃ ውስጥ ጨምቃችሁ ልቀቁት። ውኃ ጠጥቶ ከከበደ ቀዳዳዎቹ ክፍት ናቸው ማለት ነው፤ የፍራሽ ስፖንጅ እንዲህ ያለ ነው። ሳይጠጣ ተመልሶ ከተንሳፈፈ ግን ቀዳዳዎቹ የተዘጉ ናቸው፤ ለጀልባ የሚሻለውም ይኸኛው ነው። የጣና ታንኳ ሠሪዎች ይህን ጠባይ ያውቁታል። ደንገል ውኃ ስለሚጠጣ ታንኳውን ከሥራ በኋላ አውጥተው ያደርቁታል። እኛ ግን የፍራሹን ስፖንጅ በሸራ ሸፍነን ፀሐይ ከለከልነው፤ እርጥበቱ ከሥር ተጠራቅሞ ብረቱንም ያዝገዋል።

ወደ ማጣበቂያው ስንመጣ፣ ለአብዛኛው ሥራ የሚሆነው ጫማ ሠሪዎች ሶል የሚለጥፉበት ማስቲሽ ነው። የብዙው ማስቲሽ መሠረት ኒዮፕሪን የተባለ ሰው ሠራሽ ጎማ ሲሆን፣ በ1930 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በዱፖንት ኩባንያ የተገኘ ነው። ውኃን ይችላል፣ ሲደርቅም እንደ ጎማ ስለሚተጣጠፍ ከስፖንጁ ጋር አብሮ ይሄዳል። አጠቃቀሙ ላይ ብዙዎች ይቸኩላሉ። በመጀመሪያ ብረቱን ከዝገትና ከዘይት አጽድቶ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ያስፈልጋል። ከዚያ ማስቲሹ በብረቱም በስፖንጁም ላይ በስሱ ይቀባል፤ በአንድ ወገን ብቻ መቀባት ዋጋ የለውም። ጣት ሲነካው የማይለጠፍ እስኪሆን፣ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ያህል፣ ይጠበቃል። ከዚያም ከአንድ ጫፍ ጀምሮ እየተጫኑ መግጠም ነው። አንዴ ከተነካካ ማንቀሳቀስ አይቻልምና አስቀድማችሁ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ዝናብ ባረገዘ ማለዳ ባትሠሩ ይመረጣል፤ ማስቲሹ ሲደርቅ የአየሩ እርጥበት ላዩ ላይ ጤዛ ሆኖ ያርፍና እንዳይዝ ያደርገዋል። ፀሐይ ያጋለው ብረትም ማስቲሹን ያላላዋል፤ ስለዚህ ሙቀት የሚችል መሆኑ በቆርቆሮው ላይ የተጻፈበትን ፈልጉ።

ማስቲሽ የማይሆንበት ቦታም አለ። ቴሌቪዥን ተጠቅልሎበት የሚመጣው ነጭ የሚፈረፈር ፎም ማስቲሽ ሲነካው ይሟሟል፤ በደቂቃ ውስጥ ጉድጓድ ይሆናል። እንደ ላስቲክ የሚያንሸራትተውን የፖሊኢቲሊን ፎም ደግሞ አብዛኛው ማጣበቂያ በደንብ አይዘውም፤ በጠፍር ወይም በገመድ ማሰር ይሻላል። ገንዘብ ያለው ባለ ጀልባ ከሆነ በቱቦ የሚሸጠውን የፖሊዩሪቴን ማጣበቂያ አስገዙት። ውድ ነው፣ ክብደት ተጭኖበት አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ መቆየትም አለበት፤ ግን ይለጠጣል፣ ውኃም አይበግረውም። የሚጠነክረው ከአየር በሚያገኘው እርጥበት ስለሆነ ሙሉ በሙሉ አትለቅልቁት፤ አየር እንዲገባ ክፍተት እየተዋችሁ በመስመር አድርጉት። ሲሊኮን ግን ለዚህ ሥራ አልመክርም፤ ሲላቀቅ የሚተወው ቅሪት በኋላ ሌላ ማጣበቂያም ቀለምም አያስይዝም። ሱፐር ግሉ ደርቆ ስለሚሰባበር ገንዘብ ማባከን ነው።

አሁን ከገንዘብ ወደሚበልጠው ልለፍ። የማስቲሽ ትነት በቀላሉ በእሳት ይያያዛል፤ ከአየርም ስለሚከብድ በጀልባው ሆድ ውስጥ ይተኛል። ስለዚህ ሲጋራ፣ የከሰል ምድጃ ወይም የሚሠራ ሞተር በአጠገቡ አይኑር። ራስ ካዞራችሁ ወዲያው ውጡና ነፋስ ተቀበሉ። የተረፈውን በውኃ ጠርሙስ ገልብጣችሁ ወደ ቤት አታምጡ፤ ልጅ ሊጠጣው ይችላል፣ ወጣቶች ደግሞ እየሳቡት ሱስ ይሆንባቸዋል፣ በድንገት ልብ አቁሞ የሚገድልበትም ጊዜ አለ። በራሱ ቆርቆሮ ክዳኑን አጥብቃችሁ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡት።

እኛ አሁን ሥራ ከመጀመራችን በፊት መዳፍ የሚያህል ስፖንጅ እንለጥፋለን። አንድ ቀን ከደረቀ በኋላ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ አሳድረን፣ በማግሥቱ ፀሐይ ላይ አውለን እንጎትተዋለን። ስፖንጁ ራሱ ከተቀደደ ማጣበቂያው ይዟል። ከብረቱ ላይ ንጹሕ ሆኖ ከተላጠ ግን ሌላ እንፈልጋለን። የእነዚህን ቀናት ዋጋ ከባለ ጀልባው ጋር ስትዋዋሉ አብራችሁ አስቡት።