እግር የሚያዞረው ሽክርክሪት
በፓሪስ የጥንት መዝናኛዎች ቤተ መዘክር

ቤተ መዘክር ሲባል በብዙዎቻችን ሐሳብ የሚመጣው በመስታወት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠና «መንካት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ዕቃ ነው። በፈረንሳይ ዋና ከተማ በፓሪስ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ቤርሲ በተባለው ሠፈር የሚገኘው ቤተ መዘክር ግን ከዚህ ልማድ የወጣ ነው። እዚያ ጎብኚው ዕቃው ላይ ይወጣል፤ ይቀመጣል፤ ፔዳል ይመታል። ዕቃዎቹ እ.ኤ.አ. ከ1850 እስከ 1950 ባለው አንድ መቶ ዓመት ውስጥ በአውሮፓ የገበያና የበዓል ሜዳዎች ሕዝብ ሲያዝናኑ የኖሩ ሽክርክሪቶች፣ የውድድር ጨዋታዎችና ኦርጋኖች ናቸው።

ስብስቡ በዋናነት የአንድ ሰው ድካም ውጤት ነው። የቲያትር ተዋናይና የጥንታዊ ዕቃዎች ነጋዴ የነበረው ዣን ፖል ፋቫን ለዓመታት ሲያሰባስብ የቆየውን ሀብት እ.ኤ.አ. በ1996 ወደ ቤርሲ አመጣው። መኖሪያ የሆኑት ሕንጻዎችም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለከተማይቱ የሚቀርበው የወይን ጠጅ ይከማችባቸው የነበሩ መጋዘኖች ናቸው። ጉብኝቱ አስቀድሞ በተያዘ ቀጠሮና በአስጎብኚ መሪነት የሚካሄድ ሲሆን፣ በአውሮፓውያን ገናና አዲስ ዓመት ሰሞን ግን በሩ ለሁሉም ይከፈታል።

ለመሆኑ የሳይንስ ተማሪ የልጆች መጫወቻ ከሚመስል ነገር ምን ያተርፋል? መልሱን ለማግኘት እነዚያ የበዓል ሜዳዎች በዘመናቸው ምን እንደነበሩ ማሰብ ያስፈልጋል። ኤሌክትሪክ በተራው ሰው ቤት ከመግባቱ በፊት ብዙው ሕዝብ የኤሌክትሪክ ብርሃንን ያየው በእነርሱ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1895 የተወለደው ሲኒማ ከከተማ ወደ ከተማ የተጓዘው በድንኳን ትርኢት አሳዪዎች ጋሪ ነው። በዚያው ዓመት ሮንትገን ያገኘው ኤክስሬይ እንኳ ጉዳቱ በውል ሳይታወቅ ለተመልካች መደነቂያ ሆኖ ነበር። ትምህርት ቤት ያልገባው ገበሬና የፋብሪካ ሠራተኛ አዲሱን ሳይንስ የተዋወቀው ጥቂት ሳንቲም ከፍሎ በዚህ መንገድ ነው።

እንፋሎትና የእንጨት ፈረስ

ቀደምት ሽክርክሪቶችን የሚያዞራቸው የሰው ክንድ ወይም አንድ ትዕግሥተኛ ፈረስ ነበር። በዚህም ምክንያት ትንንሾችና ቀላሎች ነበሩ። በ1860ዎቹ በእንግሊዝ አገር የእንፋሎት ሞተር ከሽክርክሪቱ ጋር ሲጣመር ግን ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ከቀዳሚዎቹ ሠሪዎች አንዱ ፍሬድሪክ ሳቬጅ፣ ኪንግስ ሊን በተባለች ከተማ የእርሻ ማሽኖች ይሠራ የነበረ ሰው መሆኑ አያስገርምም። እህል ለመውቃት የተሠራው ሞተር የእንጨት ፈረሶችን ለማዞር አላነሰም። ፈረሶቹ ከመዞር አልፈው ወደ ላይና ወደ ታች እንዲጋልቡ ያደረጋቸው ደግሞ ከራሳቸው በላይ የሚሽከረከር የተጣመመ ዘንግ ነው። መካኒኮቻችን በመኪና ሞተር ውስጥ «ኮሎ» ከሚሉት ክፍል ጋር በአሠራሩ አንድ ነው፤ ልዩነቱ በመኪናው ውስጥ የፒስተን መውጣትና መውረድ ወደ መሽከርከር ሲለወጥ፣ እዚህ መሽከርከሩ ወደ መውጣትና መውረድ መለወጡ ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ የእንግሊዝ ሽክርክሪቶች እንደ ሰዓት ቆጣሪ ሲዞሩ የሌላው አውሮፓና የአሜሪካ የሚዞሩት በተቃራኒው ነው። እውነተኛ ፈረስ የሚወጣው በግራ ጎኑ በኩል ስለሆነ፣ በእንግሊዙ አዟዟር ግራ ጎኑ ወደ ውጭ፣ ማለትም ወደ ተሳፋሪው ይዞራል። ሌሎቹ ለዚህ ወግ ብዙም የተጨነቁ አይመስሉም።

ከሽክርክሪቱ ጎን የሚቆመው ኦርጋንም ችላ ሊባል አይገባውም። ጋቪዮሊ የተባለው የፓሪስ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1892 ዜማውን በተበሳ ካርቶን ላይ የሚጽፍ ዘዴ በፈጠራ መብት አስመዘገበ። ቀዳዳው ባለበት ቦታ ድምፅ ይወጣል፤ በሌለበት ዝም ይላል። ሐሳቡ ዣካር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ለሽመና ከተጠቀመበት የተበሳ ካርድ የመጣ ነው፤ ሆለሪትም እ.ኤ.አ. በ1890 የአሜሪካን ሕዝብ ቆጠራ ውጤት ያጠናቀረው በዚሁ ዓይነት ካርድ ነበር። ኮምፒውተር ከመምጣቱ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት የበዓል ሜዳው «አለ» እና «የለም» በሚሉ ሁለት ምልክቶች ሙሉ ዋልስ ያጫውት ነበር ማለት ነው።

ይዙር ወይስ ይቁም?

እንዲህ ያለ ቤተ መዘክር አንድ ከባድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ማሽኑ በዞረ ቁጥር ሰበቃ ብረቱን ይበላዋል፤ ጎብኚ በተቀመጠበት ቁጥር ቀለሙ ይላጣል። ያረጀ ክፍል በአዲስ ሲተካ ደግሞ ከጥንታዊነቱ ጥቂት ይቀነሳል። እንዳይነካ አጥሮ ማቆም ዕድሜውን ሊያረዝም ይችላል። የቆመ ሽክርክሪት ግን ቀለም የተቀባ እንጨት እንጂ ሽክርክሪት አይደለም፤ ሠሪዎቹ የሠሩት ዕቃውን ብቻ ሳይሆን እንቅስቃሴውን ነውና። ቤርሲ መዞርን መርጧል። በእኔ አስተያየትም ምርጫው ትክክል ነው፤ ምክንያቱንም ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው እ.ኤ.አ. በ1897 የተሠራው የብስክሌት ሽክርክሪት ነው።

ይህ ማሽን ፈረስም ሞተርም የለውም። ብስክሌቶች በክብ ሐዲድ ላይ እርስ በርስ ተያይዘው ቆመዋል፤ የሚያዞራቸውም የተሳፋሪዎቹ እግር ብቻ ነው። ብስክሌት ለብዙው ሕዝብ በዋጋው የማይደረስበት በነበረበት ዘመን፣ መውደቅን ሳይፈራ ለጥቂት ደቂቃ መንዳት የፈለገ ሁሉ ይሳፈርበታል። ፔዳሉ ከመንኮራኩሩ ጋር አብሮ ስለሚዞር አንዱ ደክሞት ላቁም ቢል የሌሎቹ ጉልበት የእርሱንም እግር ያዞርበታል። መጀመሪያ ላይ ከባድ ነው፤ ያን ሁሉ ብረትና ሰው ከቆመበት ማንቀሳቀስ ቀላል አይደለምና። አንዴ ከተነሣ በኋላ ግን በቀላሉ የሚቆም አይሆንም።

ስለዚህ ሽክርክሪት «በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይደርሳል» የሚል ወሬ በሰፊው ይነገራል። እውነት ይሆን? እርሳስና ወረቀት ይዘን እንመርምረው።

በወንጭፍ ላይ ያለ ድንጋይ የሚዞረው ገመዱ ያለማቋረጥ ወደ መሃል ስለሚስበው ነው፤ ገመዱ ሲለቀቅ ድንጋዩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ተሳፋሪውም እንደ ድንጋዩ ነው። ሰውነቱ ቀጥ ብሎ መሄድ ይፈልጋል፤ መቀመጫውና እጀታው ወደ መሃል ይስቡታል። ወደ ውጭ የተገፋ የሚመስለውም በዚህ የተነሳ ነው። የሚያስፈልገው ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ልክ ያድጋል፤ በክቡ ራዲየስም ይካፈላል። ለጋስ ሆነን ራዲየሱ 7 ሜትር ነው እንበል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 8.3 ሜትር ሲጓዝ ሽምጠጣው 8.3 በ8.3 ተባዝቶ ለ7 ሲካፈል ወደ 9.8 ሜትር በሰከንድ ካሬ ይሆናል። ይህም ከመሬት ስበት ሽምጠጣ ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ተሳፋሪው የገዛ ክብደቱን ያህል ኃይል ወደ ጎን ይሰማዋል። ፍጥነቱ ወደ 60 ከፍ ሲል ኃይሉ ሁለት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 240 ኪሎ ግራም የሚያህል ጭነት ከጎኑ እየገፋው በብስክሌት ኮርቻ ላይ እጀታ ይዞ ይቀመጣል ብሎ ማመን ያስቸግራል። የአየሩን ተቃውሞ ለማሸነፍ የሚፈለገው አቅም ደግሞ ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ስምንት እጥፍ እንደሚያድግ እንጨምርበት። ራዲየሱ ከ7 ሜትር ካነሰ ነገሩ ይብሳል።

ወሬው ከየት እንደሚነሣ መገመት አያዳግትም፤ በጠባብ ክብ ላይ የሚዞር ሰውነት ፍጥነቱን አጋንኖ ይነግራል። ደግነቱ ይህ ማሽን ገና ስለሚዞር ክርክሩን በልኬት መፍታት ይቻላል። የሚያስፈልገው አንድ ቁልፍና አንድ ክንድ የማይሞላ ክር ነው። ተሳፋሪው ክሩን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ቁልፉ ከቀጥታው ወደ ታች አቅጣጫ ስንት ዲግሪ እንዳዘነበለ፣ መሬት ላይ የቆመ ጓደኛው ደግሞ አንድ ዙር ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ይመዝግብ። በ7 ሜትር ራዲየስ፣ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ላይ ክሩ ወደ 14 ዲግሪ፣ በ30 ላይ ወደ 45 ዲግሪ ያዘነብላል፤ አንዱ ዙርም በቅደም ተከተል 10 ሰከንድ ተኩልና 5 ሰከንድ ከሩብ ገደማ ይፈጃል። እውነት 60 ከደረሰማ ክሩ 76 ዲግሪ አዘንብሎ ሊጋደም ምንም አይቀረውም።